ስሙ ከሠንጠረዥ ሲመጣ፦ የጅማ ቡና ናሙና ፕሮግራም የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ከጎማ፣ ከማና፣ ከሊሙ ኮሳና ከጌራ ወደ ጅማ የሚገቡ የደረቅ ቡና ናሙናዎች ውጤት በኤክሴል ሠንጠረዥ ተሞልቶ ይደርሳል። ፕሮግራሙ ሠንጠረዡን አንብቦ እያንዳንዱን ናሙና አንድ ኦብጀክት (ዋጋዎቹን በስም የያዘ አካል) ያደርገዋል፣ ነጥቡን ይደምራል፣ የጎደለውን ይናገራል። ድምሩ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ስም ነው። የትኛው ዋጋ የትኛው አትሪቢዩት (የኦብጀክቱ ባለስም ዋጋ) ውስጥ እንደሚገባ የሚወስነው በዓምዱ ራስ ላይ የተጻፈው ቃል ነው፤ ያ ቃል ደግሞ ኮዱ ሲጻፍ በእጅ የለም፣ ፋይሉ ሲከፈት በስትሪንግ መልክ ነው የሚመጣው።

ቋንቋው ፓይተን 3.12 ነው። ፓይተን ከ3.0 ጀምሮ (2008 እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያን ፊደል ለቫሪያብል ስም ስለሚቀበል ክላሱና (የኦብጀክቶቹ ንድፍ) አትሪቢዩቶቹ በአማርኛ ተሰይመዋል። የቋንቋው የራሱ ቃላት በላቲን ይቀራሉ፤ እዚህ በድምፃቸው ተጽፈዋል። ፋንክሽንም እንደማንኛውም ዋጋ ሌላ ስም ሊሰጠው ስለሚችል በፋይሉ አናት ላይ ሁለት መስመር ገብቷል፦

በስም_አንብብ = ጌትአትር
በስም_ጻፍ = ሴትአትር

በቀኝ ያሉት በፋይሉ ውስጥ በላቲን ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ጥሪዎች በሙሉ በአማርኛ ይጻፋሉ፤ ይሠራሉም።

ቀን 1

የነጥብ አሰጣጡ ቁርጥ ያለ ስለሆነ ክላሱን ለመቅረጽ አላስቸገረም። ያልታጠበ ቡና ከ100 ይመዘናል፦ ጥሬው 40፣ ቅምሻው 60። ጥሬው ወደ ዋና እንከን 15፣ ንዑስ እንከን 15 እና ሽታ 10 ይከፈላል። ቅምሻው ጽዳት፣ አሲድነት፣ ቦዲና ጣዕም ነው፤ ለእያንዳንዱ 15። በድምሩ 7 አትሪቢዩት ማለት ነው። እርጥበት ነጥብ የለውም፤ ከ11.5 በመቶ ካለፈ ግን ናሙናው ይለያል።

የመጀመሪያው ረቂቅ የ«ኢፍ» ሰንሰለት ነበር፦ ዓምዱ «ሽታ» ከሆነ ሽታ ውስጥ ጻፍ፣ «ቦዲ» ከሆነ ቦዲ ውስጥ ጻፍ። ሰንሰለቱ ስናነብ፣ ስንደምርና ስናትም፣ ሦስት ጊዜ ይደገማል። 7 በ3፣ 21 ቅርንጫፍ። ከነዚህ አንዱ ቢረሳ ፕሮግራሙ አይቆምም፤ ድምሩ ብቻ ይጎድላል። ተጣለ።

ሁለተኛው ረቂቅ «ኤግዜክ» ነበር፤ የዓምዱን ስምና ዋጋውን በአንድ ስትሪንግ አያይዞ እንደ ኮድ ማስፈጸም። ይህም በዚያው ቀን ተጣለ፤ ምክንያቱ ግን ተለይቶ መጻፍ አለበት፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚደርስበት መንገድ ነውና። አንደኛ፣ ሴሉ ውስጥ ቁጥር ሳይሆን የፓይተን ትእዛዝ ቢጻፍ ፕሮግራሙ ትእዛዙን ይፈጽማል። ፋይል የሚሰርዝ ትእዛዝ ከሆነ ፋይሉ ይሰረዛል። ሁለተኛ፣ ፋንክሽን ውስጥ በ«ኤግዜክ» የተፈጠረ ስም እንደ ተራ ቫሪያብል አይታይም፤ የፋንክሽኑ የውስጥ ስሞች የሚታወቁት ኮዱ ሲተረጎም ስለሆነ ቀጣዩ መስመር ስሙን ሲጠራ «እንዲህ ያለ ስም የለም» የሚል ኤረር ይመጣል። የፋንክሽኑን የውስጥ ስሞች የሚሰጠው «ሎካልስ» በመለሰው ዲክሽነሪ (ስምን ከዋጋው ጋር አጣምሮ የሚይዝ) ላይ መጻፍም ፋንክሽን ውስጥ ቫሪያብሉን አይለውጥም።

የፋይሉን አጠቃላይ ስሞች በያዘው «ግሎባልስ» ላይ መጻፍ ይሠራል፤ የሚያመጣው ጣጣ ሌላ ነው። ናሙናዎች ብዙ ስለሆኑ ስሞቹ ጽዳት_1፣ ጽዳት_2 እያሉ ይቀጥላሉ። ስም ላይ ቁጥር ከተለጠፈ የሚፈለገው ሊስት ነው። ለአንድ ናሙና የሚቀዱት 5 ስኒዎችም ስኒ1 እስከ ስኒ5 ተብለው ነበር፤ «ስኒዎች» የሚል አንድ ሊስት ሆኑና ተራቸውን በኢንዴክስ ይይዛሉ። በስም መድረስ የሚያስፈልገው ስሙ ትርጉም ሲኖረው ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ልዩነት በሚሆንበት ቦታ አይደለም።

ቀን 2

ሰንሰለቱ በሙሉ በአንድ መስመር ተተካ፦

በስም_ጻፍ(ናሙና, ዓምድ, ዋጋ)

ንባቡም እንዲሁ፦ በስም_አንብብ(ናሙና, "ሽታ")። ሦስተኛ ግብዓት ቢሰጠው አትሪቢዩቱ በሌለ ጊዜ ያንን ይመልሳል፤ ካልተሰጠው አትሪቢዩትኤረር ያነሣል።

የአንዱ ወረዳ ሠንጠረዥ ሲገባ የናሙናዎቹ ሁሉ ድምር ከወረቀቱ ያነሰ መጣ፤ የጎደለው ልክ የጽዳት ነጥብ ነው። ኤረር የለም። አንዱ ኦብጀክት ሲታተም ጽዳት 0 እና ፅዳት 12 የሚሉ ሁለት አትሪቢዩቶች ተገኙበት። ክላሱ ውስጥ በጸሎቱ ጸ ነው የተጻፈው፣ ሠንጠረዡ ላይ በፀሐዩ ፀ። ለአንባቢ አንድ ቃል ነው። ለኮምፒዩተሩ የጽ የዩኒኮድ ቁጥር 4925 ነው፣ የፅ 4933።

ሁለት ነገር ተጋግዞ ነው የተደበቀው። ሴትአትር የማያውቀው ስም ሲመጣለት አዲስ አትሪቢዩት ፈጥሮ ዝም ይላል። እኛ ደግሞ መነሻ ዋጋውን 0 ስላደረግነው ያልተሞላው ጽዳት ዜሮ ያገኘ መሰለ። የሁለተኛው መድኃኒት አጭር ነው፦ መነሻ ዋጋው በሙሉ «ነን» (ባዶ ማለት ነው) ሆነ፤ «ነን»ን ከቁጥር ጋር መደመር ወዲያው ታይፕኤረር ስለሚያመጣ ባዶነት መደበቅ አይችልም።

ለመጀመሪያው «__ስሎትስ__» ገባ። ክላሱ የሚቀበላቸው ስሞች አስቀድመው ከተዘረዘሩ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ስም በሴትአትር ቢመጣም አትሪቢዩትኤረር ይነሣል። ሦስት መሰናክል አለው።

በስሎትስ የተዘረዘረ ስም በክላሱ ደረጃ መነሻ ዋጋ ሊሰጠው አይችልም፤ ክላሱ ገና ሲፈጠር «ከክላሱ ቫሪያብል ጋር ይጋጫል» ይላል። መውጫው ከ3.10 ጀምሮ ያለው የዳታክላስ (ከፊልዶች ዝርዝር ክላስን የሚያዘጋጅ የፓይተን መሣሪያ) «ስሎትስ=ትሩ» ነው፤ መነሻ ዋጋውንም ስሎቱንም ያስታርቃል። ቀጥሎ አትሪቢዩቶችን የሚዘረዝረው «ቫርስ» በስሎት ኦብጀክት ላይ አይሠራም፤ ዲክሽነሪው ስለሌለ ታይፕኤረር ይመልሳል። ዝርዝር ሲያስፈልግ የዳታክላሱን «ፊልድስ» መጠየቅ ነው። ሦስተኛው በጣም አሳሳች ነው፦ ከናሙና የሚወርስ ክላስ ስሎት ካልተደረገ ዲክሽነሪው ተመልሶ ይመጣል፤ የተዘጋው በር በልጁ በኩል ይከፈታል፣ የተሳሳተ ስምም እንደገና ዝም ብሎ ይገባል። «የታጠበ_ናሙና» በሚባለው ልጅ ክላስ ረቂቅ ላይ ይህን ሞክረን አረጋግጠናል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው «ስሎትስ=ትሩ» ይጻፍበታል።

ቀን 3

ዛሬ ሙሉ ቀን የሄደው በፊደል ላይ ነው፤ የሚገባውም ነበር።

ፓይተን በምንጭ ኮድ ውስጥ ያሉ ስሞችን በዩኒኮድ ደንብ አንድ ወጥ ያደርጋል። ያ ደንብ ግን ሞክሼ ፊደላትን አይነካም፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለዩኒኮድ ሦስት የተለያዩ ሆሄያት ናቸው። ለሴትአትር በስትሪንግ የሚሰጥ ስም ደግሞ ያ ወጥ የማድረግ ሥራ ጨርሶ አይደርሰውም፤ እንደመጣ ነው የሚገባው። ስለዚህ ማጣሪያውን ራስ መጻፍ ግድ ነው።

«አጥራ» የምትባለው ፋንክሽን ሆሄን በሆሄ በሚተካው «ትራንስሌት» ትሠራለች። ሰንጠረዧ ውስጥ 37 ጥንዶች አሉ፦ የሐ፣ የኀ፣ የሠ፣ የዐ እና የፀ ቤቶች እያንዳንዳቸው 7 ሆሄ፣ 35፤ በተጨማሪ ሃ ወደ ሀ እና ኣ ወደ አ። የሀ እና የአ ቤት ራብዕ ከግእዙ ጋር በድምፅ አንድ ስለሆነ ሓ እና ኃም ወደ ሀ፣ ዓም ወደ አ ይሄዳሉ። የኸ ቤት አልተነካም፤ ኸ የራሱ ድምፅ አለው። ጥንዶቹን አንድ በአንድ መጻፍ አያስፈልግም፤ ሐ ከሀ በ16፣ ኀ ከሀ በ128፣ ዐ ከአ በ48፣ ፀ ከጸ በ8 ቁጥር ይርቃሉ፣ ሠ ደግሞ ከሰ 16 ቀድማ ትገኛለች፤ በሉፕ ይሞላል።

ማጣሪያው ቁልፍ ለመፈለግ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ወረቀት ላይ የሚታተመው ስም ጸሐፊው እንደጻፈው ይቆያል። በግእዝ ሠረቀ የፀሐይ መውጣት ነው፣ ሰረቀ ስርቆት፤ ይህን ልዩነት የሚያጠፋ ፕሮግራም የሰው ጽሑፍ ላይ እጁን ማሳረፍ የለበትም።

የመጀመሪያው ሙከራ ትክክለኛውን «ጣዕም» አልቀበልም አለ። የመጣው ስም ተጣርቶ «ጣእም» ሆኗል፣ የክላሱ ስም ግን ሳይጣራ ነው የተወዳደረው። ሁለቱም ወገን መጣራት አለበት፦ ከፊልድስ ዝርዝር ተነሥቶ ቁልፉ የተጣራው ስም፣ ዋጋው ደግሞ ትክክለኛው ስም የሆነ «መዝገብ» የሚባል ዲክሽነሪ ፕሮግራሙ ሲነሣ ይሠራል። የመዝገቡ ብዛት ከፊልዶቹ ብዛት ካነሰ ሁለት ስሞች ሲጣሩ አንድ ሆነዋል ማለት ነውና ፕሮግራሙ እዚያው ይቆማል።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ዓምድ ብቻ ሁልጊዜ «አይታወቅም» መባሉ ታየ። ስሙ ሲታተም እንከን የለበትም፤ ርዝመቱ ሲጠየቅ ግን አንድ ፊደል ይበልጣል። ኤክሴል ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 ሲያስቀምጥ መጀመሪያው ላይ የማይታይ ምልክት፣ ቁጥሩ 65279፣ ያስገባል። ፋይሉ በተራው ዩቲኤፍ-8 ሳይሆን «ሲግ» የሚል ቅጥያ ባለው ሲከፈት ምልክቱ ይወገዳል። ከጫፍና ከጫፍ ክፍተት የሚያነሣው «ስትሪፕ» አይረዳም፤ ስትሪፕ የማይሰበረውን ክፍተት 160 ያነሣል እንጂ 65279ንና ስፋት የሌለውን 8203ን እንደ ክፍተት አይቆጥራቸውም። ሁለቱም በአጥራ ውስጥ በስማቸው ተጠርተው ይወጣሉ። በቃላት መካከል ያለ ክፍተትና ሁለት ነጥብ (፡) ወደ ሰረዘ ታች ይለወጣሉ፤ «ዋና እንከን»ም «ዋና፡እንከን»ም ዋና_እንከን ይሆናሉ።

በአገራችን ቁጥር የተጻፉ ዓምዶችም አሉ። ዙር፩ ሕጋዊ ስም ነው፤ ዙር፲ አይደለም። ዩኒኮድ ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን በስም ውስጥ እንዲገቡ ፈቅዶ ከ፲ ጀምሮ ያሉትን አልፈቀደም፤ አንድ ስም ሕጋዊ መሆኑን «ኢዝአይደንቲፋየር» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሴትአትር ግን ስሎት በሌለው ኦብጀክት ላይ «ዙር፲»ንም «ዓ/ም»ንም ይቀበላል፤ ከዚያ በነጥብ ሊጠሩ አይችሉም፤ ናሙና.ዓ/ም ሲባል ፓይተን ማካፈል ነው ብሎ ይረዳዋል። ዙሮቹ ወደ ሊስት ሄዱ፤ የቀን 1 ደንብ ነው።

የአንዳንድ ወረዳ ሠንጠረዥ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚመጣው፣ በቁቤ። እርጥበት ጂዺና፣ ሽታ ፎሊ። እዚህ ማጣራት አይበቃም፤ ትርጉም ያስፈልጋል። መዝገቡ ላይ ተጨማሪ ቁልፎች ገቡ፤ ሁለቱም ቋንቋ ወደ አንድ አትሪቢዩት ይመራል። ለቁቤው ሁለት ጥንቃቄ፦ ትልቅና ትንሽ ፊደል በ«ኬዝፎልድ» ይስተካከላል፤ ሁዻ አንዳንዱ ኪቦርድ ላይ ቀጥ ያለ ምልክት (39) ሆኖ ይጻፋል፣ አንዳንዱ ላይ ጠመዝማዛ (8217)። ሁለቱም ወደ 39 ይመለሳሉ።

ቀን 4

መዝገቡ የስህተት መከላከያ ብቻ እንዳልሆነ ዛሬ ታይቷል። ስሎት በሌለው የቀድሞ ክላስ ላይ «አስላ» የሚል ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሰጠነው። አስላ የክላሱ ሜተድ (የራሱ ፋንክሽን) ነው። ሴትአትር በኦብጀክቱ ላይ በቁጥር ሸፈነው፤ ከዚያ ናሙና.አስላ() ሲጠራ «ፍሎት አይጠራም» የሚል ታይፕኤረር መጣ፣ ያውም ከስህተቱ ቦታ በጣም ርቆ። በንባብ በኩል ያለው ይብሳል፦ ከውጭ የመጣ ስም በቀጥታ ለጌትአትር ከተሰጠ «__ክላስ__» ብሎ የጠየቀ ሰው ወደ ክላሱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ስም መጀመሪያ መዝገቡን ያልፋል፣ ለጌትአትርና ለሴትአትር የሚሰጠውም መዝገቡ የመለሰው የራሳችን ስም ብቻ ነው፦

ስም = መዝገብ[አጥራ(ዓምድ)]
በስም_ጻፍ(ናሙና, ስም, ዋጋ)

ከፍተኛው ነጥብም ከስሙ ጋር መሄድ ስላለበት በየፊልዱ «ሜታዳታ» ላይ ተጻፈ፤ ሽታ 10፣ ሌሎቹ 15። ከከፍተኛው የበለጠ ዋጋ ተቀባይነት አያገኝም። የከፍተኞቹ ድምር 100 መሆኑም ሲነሣ ይፈተሻል።

ቅምሻ የሚካሄደው በምስጢር ኮድ ስለሆነ ቀማሹ ቡናው ከየት እንደመጣ አያውቅም። ኮዱ ሁለት ሰረዝ ባለው __ኮድ ውስጥ ተቀመጠ። ክላሱ ውስጥ በነጥብ ሲጠራ ይገኛል፤ በስም_አንብብ(ናሙና, "__ኮድ") ግን የለም ይላል። ክላስ ውስጥ በሁለት ሰረዝ የሚጀምር ስም ኮዱ ሲተረጎም ወደ _ናሙና__ኮድ ይለወጣል፤ በጥቅስ ውስጥ ያለ ስትሪንግ ግን አይለወጥም። ሙሉው የተለወጠ ስም ቢሰጠው ያመጣዋል። መሸፈኛ እንጂ ቁልፍ አይደለም፤ ምስጢሩ በእውነት መጠበቅ ካለበት ኮዱና የቀበሌው ስም በአንድ ኦብጀክት ውስጥ መኖር የለባቸውም። ተለያዩ።

ቀን 5

ጥሬውና ቅምሻው ሁለት ትናንሽ ኦብጀክቶች ይሁኑ የሚል ሐሳብ ተሞከረ። በስም_አንብብ(ናሙና, "ቅምሻ.ጣዕም") አልሠራም፤ ጌትአትር ነጥቡን የስሙ አካል አድርጎ ነው የሚፈልገው። በኦፐሬተር ሞጁል ያለው «አትርጌተር» ነጥቡን ተከትሎ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ ናሙናዎችን በጣዕም ለመደርደርም እሱ ይመቻል። ለ7 ነጥብ ግን ሁለት ደረጃ በዛ፤ ክላሱ አንድ ሆኖ ቀረ።

የማይታወቁ ዓምዶችን «ተጨማሪ» በሚባል ዲክሽነሪ ይዞ በ«__ጌትአትር__» መመለስም ተሞክሮ ነበር። ይህ ሜተድ የሚጠራው ተራው ፍለጋ ሳይሳካ ሲቀር ብቻ ነው። ሁለት ጉዳት አሳየ። ናሙናው በ«ኮፒ» ሲባዛ አዲሱ ኦብጀክት ያለ ኢኒት (መነሻ ዋጋዎችን የሚሞላው ሜተድ) ስለሚፈጠር «ተጨማሪ» ገና የለም፤ ሜተዱ እሱን ሲፈልግ ራሱን ይጠራል፣ እንደገና ይጠራል፣ የ1000 ጥሪው ገደብ ላይ ሲደርስ ሪከርዥንኤረር። ሁለተኛው ጊዜ የሚበላ ነው፦ «ድምር» ፕሮፐርቲ (ሲነበብ የሚሰላ አትሪቢዩት) ነው፤ ውስጡ አንድ ስም ሲሳሳት የተነሣው አትሪቢዩትኤረር ፍለጋው እንዳልተሳካ ይቆጠርና ጥያቄው ወደ __ጌትአትር__ ይሄዳል፣ በመጨረሻ «ናሙና ድምር የለውም» ይባላል። ድምር አለ፤ የተሳሳተው ውስጡ ነው። አትሪቢዩቱ መኖሩን የሚጠይቀው «ሃዝአትር»ም በዚሁ ምክንያት አለመኖሩን ይመሰክራል። ሜተዱ ተወገደ፤ ተጨማሪ ነገር ያለው ሰው ዲክሽነሪውን በግልጽ ይጠይቅ።

ይህን በሌላ ቋንቋ ለሚሠሩ፦ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ስሙ በማዕዘን ቅንፍ ይሰጣል፤ ከሌለ ኤረር ሳይሆን «አንዲፋይንድ» ነው የሚመለሰው፣ ስለዚህ ፍተሻው የበለጠ ያስፈልጋል። ፒኤችፒ ከ8.2 ጀምሮ ያልታወጀ ፕሮፐርቲ በመጻፍ ብቻ ሲፈጠር ያስጠነቅቃል። በጃቫ ሪፍሌክሽን «ጌትዲክሌርድፊልድ» የሚያየው የዚያኑ ክላስ ፊልድ ብቻ ነው፤ የተወረሰውን ለማግኘት ወደ ወላጁ ራስ መውጣት ነው።

ቀን 6

መዝገቡ ያላወቀው ስም ሲመጣ ቅርቡን ስም የሚጠቁም ተጨመረ፣ ከ«ዲፍሊብ» (የፓይተን የጽሑፍ ማነጻጸሪያ ሞጁል)። የተለመደው የመመሳሰል ገደቡ 0.6 ነው። ለላቲን ፊደል ይሆናል፤ ለእኛ አንድ ሆሄ አንድ ክፍለ ቃል ስለሆነ አጭር ቃል ላይ አንድ ስህተት ብዙ ይወስዳል። ቦዴ እና ቦዲ ከ4 ሆሄ የሚጋሩት 2 ነው፤ 0.5፤ ጥቆማ የለም። ሺታ እና ሽታም እንዲሁ። ገደቡ 0.5 ሲሆን ሁለቱም ይጠቆማሉ።

ጥቆማውን ፕሮግራሙ በራሱ እንዲቀበል አልተደረገም። ዋና_እንከን እና ንኡስ_እንከን ከ15 ሆሄ 10 ይጋራሉ፣ 0.67፤ ማለትም ከቦዴና ከቦዲ ይበልጥ ይመሳሰላሉ። በራሱ ቢያርም ኖሮ አንዱን እንከን በሌላው ላይ ይጽፍ ነበር፣ ሁለቱም ከ15 ስለሆኑ ደግሞ የከፍተኛ ነጥብ ፍተሻው አይይዘውም። ለተመሳሳይ ምክንያት አንድ ስም በአንድ ሠንጠረዥ ሁለት ጊዜ ከመጣ ንባቡ ይቆማል።

ከጌራ የመጣው ሠንጠረዥ ገባ፦ «ዓምድ 6፦ ‹ቦዴ› አይታወቅም፤ ‹ቦዲ› ለማለት ነው?» ዓምዱ በእጅ ታርሞ ድምሮቹ ከወረቀቱ ጋር ገጠሙ። የቀረው የታጠበ ቡና ክላስ ነው፤ የነጥብ ክፍፍሉ የተለየ ስለሆነ የራሱ ሜታዳታና የራሱ መዝገብ ይሠራለታል፣ «ስሎትስ=ትሩ»ም ይጻፍበታል።